ኮዲንግና ኢንጂነሪንግ ለተማሪዎቻችን፦ ትምህርት ቤቱ ከማን ጋር ቢተባበር ያዋጣዋል?

የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንዱ ወላጅ «ልጆቹ ኮዲንግ ይማሩ እንጂ» ይላል። ዳይሬክተሩ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ደብዳቤ እንዳለ ይናገራሉ። አሜሪካ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ላፕቶፕ እንላክ ብለዋል። አንድ የግል ማሰልጠኛም ብሮሹር በትኖ ሄዷል። የአይሲቲ መምህሯ ጥግ ይዘው ዝም ብለዋል። ሥራው ዞሮ ዞሮ እሳቸው ላይ እንደሚወድቅ ግን ያውቁታል።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ስብሰባ ላይ ለተቀመጡት ሁሉ ነው፤ ከሩቅ ሆነው ገንዘብ ለሚያዋጡትም ጭምር። ሁሉም አማራጭ «ትብብር» ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ሁሉም ሲሰሙት ያምራል። ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ፤ አማራጮቹን ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እናያለን።

## መለኪያዎቹ

አጋሩ ሲሄድ ማን ይቀራል? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌሎቹ አራቱ ተደምረው የዚህን ያህል አይከብዱም። ማንኛውም ፕሮጀክት ማለቂያ ቀን አለው። ያ ቀን ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነገሩን የሚያውቅ መምህር ከሌለ፣ መሣሪያው በዓመቱ አቧራ ይለብሳል።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት። መምህሩ የሚናገርበት ጊዜ መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። ተማሪው ባይገባው «አንዴ አቁምልኝ» የሚለው ሰው የለም። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ የሚያወራው የራሱ የፕላዝማ ቀልድ አለው። ኮዲንግንም በዚያው መንገድ እንዳናስገባው እፈራለሁ።

አንድ ተማሪ በዓመት ስንት ሰዓት እጁ ኪቦርድ ላይ ይውላል? «20 ኮምፒውተር አለን» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። እስቲ እናስላው። ክፍሉ 60 ተማሪ አለው እንበል። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 20 ከሆኑ አንዱን ሦስት ልጆች ይጋሩታል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ከክፍል ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ (ላብ) እስኪሄዱና ማሽኑ እስኪነሳ 10 ደቂቃ ይሄዳል። ቀሪው 30 ደቂቃ ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ልጅ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነና 34 ሳምንት ከተማሩ፣ በዓመት ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በስድስት ሰዓት ፕሮግራሚንግ የለመደ ሰው አላውቅም። አጋር ሲመጣ ይህን ቁጥር ስንት ያደርሰዋል ብላችሁ ጠይቁት።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ትምህርቱ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? መልሱ «ይቆማል» ከሆነ አማራጩ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ገና ከጅምሩ ወድቋል።

ቋንቋው ምንድን ነው? የኮድ ትእዛዞች እንግሊዝኛ መሆናቸው አይቀርም፤ እሱ ችግር የለውም። ችግሩ ማብራሪያውም እንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን ነው። የ7ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ነገር በአንዴ እንዲማር ይገደዳል።

ከስጦታው ጀርባ ምን ወጪ አለ? መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ፣ ራውተር፣ የመምህሩ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የተማሪዎች ትራንስፖርት፣ የላቡ በርና ቁልፍ። ነፃ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ነፃ የሚሆነው ለመጀመሪያው ቀን ነው።

## አማራጭ አንድ፦ የዩኒቨርሲቲ ስቴም ማዕከል

ስቴም የሚባሉትን ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ኢንጂነሪንግንና ሒሳብን በተግባር ለማስተማር በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱ ማዕከሎች አሉ። ብዙዎቹ የተቋቋሙት ስቴምፓወር ከተባለው፣ አሜሪካዊው ማርክ ጌልፋንድ ከመሠረተው ድርጅት ጋር በመተባበር ነው። ሥራው የተጀመረው ቢሾፍቱ በሚገኘው የፎቃ ማዕከል ሲሆን፣ በኋላ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዩኒቨርሲቲው ክፍልና ሰው ይሰጣል፤ ድርጅቱ የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ያደራጃል፤ አስተማሪዎችንም ያሠለጥናል። በአካባቢው ያሉ ተማሪዎች ቅዳሜና እሁድ ወይም በክረምት ገብተው ይማራሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ማዕከል በዚህ በኩል ስሙ በደንብ ይታወቃል።

ጥንካሬው ግልጽ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው አቅም የማይገዙት መሣሪያ እዚያ አለ። ልጁ ሬዚስተርና ትራንዚስተር በእጁ ይነካል፤ ሰርኪዩት ይሠራል፤ ሲበላሽበትም የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አለ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ መግባቱ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ኢንጂነር ምን እንደሚሠራ አይቶ የማያውቅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እዚያ ነው። የሳይንስና ኢንጂነሪንግ ዐውደ ርዕይም አለ፤ የራሱን ፈጠራ ይዞ የሚቀርብበት።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቦታው ውስን ስለሆነ ምርጫ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ከየትምህርት ቤቱ ጥሩ ውጤት ያላቸው ናቸው። ከ1,500 ተማሪ አሥሩ ይሄዳሉ። የቀሩት 1,490 ለውጡን አያዩትም። ሁለተኛ፣ ርቀት። ማዕከሉ ያለበት ከተማ ውስጥ ካልሆናችሁ ትራንስፖርቱ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ሴት ተማሪዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። «እስከ ምሽት የት ቆየሽ» የሚል ጥያቄ ለወንድሟ እምብዛም አይቀርብም።

ይህን አማራጭ በደንብ የሚጠቀሙበት ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ያደርጋሉ። ከተማሪዎቹ ጋር መምህርም ይልካሉ። አሥር ልጅ ቢመረቅ አሥር ልጅ ነው፤ አንድ የፊዚክስ መምህር ገብቶ ቢማር ግን በየዓመቱ ሁለት መቶ ልጅ ያገኘዋል። ዩኒቨርሲቲውን የምትጠይቁት ደብዳቤ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የመምህራን ሥልጠና ይሁን።

## አማራጭ ሁለት፦ አገር አቀፍ የኦንላይን ሥልጠና

እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ መንግሥታት ትብብር ተጀመረ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2017 «አንድ ሚሊዮን የአረብ ኮደሮች» ብላ ያስጀመረችው ፕሮግራም ቅርጽ ነው። ትምህርቱ የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መነሻ ይሰጣል። ክፍያ የለውም፤ ሲጨርሱ ሰርተፍኬት አለው።

ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለመምህራን ጥሩ ነው። ራሱን ገፍቶ መማር የሚችል፣ እንግሊዝኛ የማያስቸግረው፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የሚያገኝ ሰው ብዙ ይጠቀማል። ለታች ክፍሎች ግን አልመክረውም። ቪዲዮው በስልክ ይታያል፤ ኮዱን በስልክ መጻፍ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። ዳታውም ከኪስ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትምህርት ቤቶች «ይህን ያህል ተማሪ አስመዝግበናል» የሚል ሪፖርት ለማቅረብ ሲሉ ልጆቹን በጅምላ ያስመዘግባሉ። ምዝገባ ትምህርት አይደለም። የተሻለው መንገድ በቡድን ማስጨረስ ነው። አሥራ አምስት ልጅ ይመዝገብ፤ ቅዳሜ ጠዋት ላብ ይከፈትላቸው፤ ቪዲዮውን በአንድ ፕሮጀክተር አብረው ይዩ፤ መልመጃውን ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሥሩ። አንድ መምህር አጠገባቸው ይቀመጥ፤ እሱም ቢሆን ተመዝግቦ አብሯቸው ይማር። እንዲህ ሲሆን የኢንተርኔት ወጪውም ወደ አንድ መስመር ይወርዳል።

## አማራጭ ሦስት፦ የራስ ክበብ፣ በነፃ ሶፍትዌር

ይህኛው ፎቶ የማይነሱበት፣ ሪባን የማይቆረጥበት አማራጭ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብዙ ሰው የሚዘለው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ክበብ ያቋቁማል። ሥርዓተ ትምህርቱንም ሶፍትዌሩንም ከዓለም ላይ በነፃ ያገኛል። አጋሩ ሩቅ አገር ያለ፣ ሥራውን ለሁሉም ክፍት ያደረገ ተቋም ነው፤ ማንም ፊርማ አይፈርምም።

ለታች ክፍሎች ስክራች አለ። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ነው። ልጁ ኮድ አይጽፍም፤ ባለ ቀለም ብሎኮችን እየገጣጠመ ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ታሪክ ይሠራል። የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አለ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቅጂ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ ለሁሉም ማሽን ታዞራላችሁ። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም።

ከ9ኛ ክፍል በላይ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይበቃል። ቶኒ የሚባል፣ የኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ለጀማሪ የሚሆን መጻፊያ አለ፤ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ ያረጀ ኮምፒውተርም አይከብደውም። ፕሮግራሙ መስመር በመስመር ሲሄድ ማሳየት ስለሚችል መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚያስረዳውን ልጁ ስክሪኑ ላይ ያያል። ኮምፒውተር በጭራሽ ከሌለ ፓይድሮይድ የሚባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ፓይተንን በስልክ ያሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ዳታ አይጠይቅም። ምቹ ባይሆንም ከባዶ ይሻላል።

ኢንጂነሪንጉን መንካት ስትፈልጉ አርዱዊኖ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ፋብሪካ ማምረት ይችላል፤ ርካሾቹ ቅጂዎች ገበያውን የሞሉት ለዚህ ነው። ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ ርካሽ ሰሌዳዎች ሲኤች340 የሚባል ቺፕ አላቸው። ሾፌሩ (ኮምፒውተሩን ከሰሌዳው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ካልተጫነ ኮምፒውተሩ ሰሌዳውን አያውቀውም፤ ልጆቹም «ተበላሽቷል» ብለው ይጥሉታል። ሾፌሩን አስቀድማችሁ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ከሰሌዳው ጋር ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት)፣ ሬዚስተር፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሰርኪዩት የሚገጣጠምበት) እና የርቀት መለኪያ ሴንሰር ግዙ፤ ሴንሰሮች የሞሉበትን ትልቅ ሳጥን ግን ለጊዜው ተዉት። አምስት ሰሌዳ ለአሥራ አምስት ልጅ ይበቃል። የውኃ ታንከር ሲሞላ የሚጮህ ማንቂያ፣ ሲመሽ ራሱ የሚበራ መብራት፣ የችግኝ አፈር ሲደርቅ የሚያሳውቅ መሣሪያ፤ ለመጀመሪያ ሥራ እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ለሰፈሩም ትርጉም አላቸው።

ሌላው ጠቃሚ ነገር ኮሊብሪ ነው። ለርኒንግ ኢኩዋሊቲ የሚባል ድርጅት የሚያዘጋጀው ነፃ ሶፍትዌር ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ካን አካዳሚ የሚባለውን የነፃ ትምህርት ድረ ገጽ ትምህርቶችና ሌሎችን ትጭናላችሁ፤ ቀሪዎቹ ማሽኖችና ስልኮች በአንድ ራውተር ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፍቷቸዋል። ጥንካሬው ሒሳብና ሳይንስ ላይ ነው። ኢንጂነሪንግ እማራለሁ የሚል ልጅ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እሱው ነው፤ በሒሳብ የተንገዳገደን ልጅ አርዱዊኖ አያድነውም።

የክበቡ ድክመት አንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። መምህሩ ሲዛወር ክበቡ ይፈርሳል። መድኃኒቱም ከመነሻው ሁለት መምህር መመደብ ነው፤ አንዱ ከአይሲቲ፣ ሌላው ከፊዚክስ ወይም ከሒሳብ። ከ11ኛ ክፍል ሁለት ሦስት ልጆችን ደግሞ ለታናናሾቻቸው ረዳት አድርጓቸው። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የጠዋቱ ተማሪ ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ጠዋት ይምጣ፤ ላቡ ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

## አማራጭ አራት፦ የመሣሪያ ልገሳ

ከውጭ አገር የሚመጣ ኮምፒውተር ሁሌም ደስ ይላል። በዲያስፖራ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያስቡትም ይህንኑ ነው። በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራን የመሰሉ ድርጅቶችም ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አድሰው ለትምህርት ቤቶቻችን አድርሰዋል። የካማራ ጥሩ ጎን ማሽኑን ብቻውን አለማምጣቱ ነው፤ የመምህራን ሥልጠና አብሮት ነበር።

መሣሪያ ብቻውን ምን እንደሚሆን የምናውቅበት ታሪክ እዚሁ አገራችን አለን። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ፕሮጀክት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ገደማ ወደ 5,000 የሚጠጉ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ኢትዮጵያ ውስጥ አከፋፍሎ ነበር። ዛሬ ስንቱ ትምህርት ቤት ያስታውሰዋል? ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት ሰጠ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ነው። ልጆቹ በራሳቸው ከፈቱት፣ በጥቂት ወራት ውስጥም የተቆለፈውን ክፍል ሰብረው ገቡ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ስለ ልጆቹ ጉብዝና ጥርጥር የለኝም። ግን ያ ዜና ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። አዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግ ተምረው ነበር፤ በየሳምንቱም አንድ ቴክኒሻን እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር። መሣሪያው ብቻውን አልተተወም።

ልገሳ ከመጣ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዴስክቶፕ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ትንሿን ቀይ ማብሪያ እዩ። 115 ላይ ከሆነች ወደ 230 አዙሯት፤ ካልሆነ በእኛ 220 ቮልት ፓወር ሰፕላዩ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። ማብሪያው የሌላቸውም አሉ፤ የእነሱን ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሁለተኛው ቀረጥ ነው። ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት የድጋፍ ደብዳቤው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይለቅ። ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ኪራይ ይቆጥራል።

ሦስተኛው የእኛው የራሳችን በሽታ ነው። ዕቃው በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት መቀበያ ሰነድ፣ ገቢ ይሆናል፤ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል። አንድ ማውዝ ከጠፋ ያ ሰው ይጠየቃል። ምን ያደርጋል? ይቆልፈዋል። አያስቀይምም፤ እናንተም ብትሆኑ ትቆልፉታላችሁ። ስለዚህ ርክክቡ ላይ በአገልግሎት ብዛት የሚበላሽ ዕቃ እንዴት እንደሚወገድ፣ ተጠያቂነቱም ምን ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ኪቦርድና ማውዝ ደግሞ ከትርፍ ጋር ይምጣ።

ለዲያስፖራ ወገኖቼ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ከላፕቶፕ ይልቅ ሰዓታችሁን ብትልኩ ይበልጣል። ሶፍትዌር ኢንጂነር የሆነ የቀድሞ ተማሪ በወር ሁለት ቅዳሜ ከክበቡ መምህራን ጋር በቪዲዮ ቢቀመጥ ለውጡ ይታያል። ከልጆቹ በፊት ከመምህራኑ ጋር። ሰዓቱም ይገጥማል፤ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 2 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባን ጠዋት ግን አትምረጡ፤ ለእናንተ ሌሊት ነው፤ ሁለት ጊዜ ትሞክሩና ትተዉታላችሁ።

## አማራጭ አምስት፦ የግል ማሰልጠኛ

ለልጆች ኮዲንግና ሮቦቲክስ የሚያስተምሩ ድርጅቶች እየበዙ ነው። አንዳንዶቹ ከትምህርት ቤት ጋር ውል ገብተው አስተማሪ ይልካሉ። አይኮግ ኤኒዋን ካን ኮድ በዚህ ዘርፍ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ክፍያ መክፈል ለሚችል የግል ትምህርት ቤት ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ውል ትፈርማላችሁ፣ ትምህርት ይጀመራል።

ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አስተማሪው ሲቀር ማን ይተካዋል? ኪቱ (የመለማመጃ ዕቃው) ውሉ ሲያልቅ የማን ነው? የእኛ መምህር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መማር ይችላል? ለመጨረሻው «አይቻልም» ካሉ እኔ ብሆን አልፈርምም። ወላጆችም ልጃቸው የሠራውን ነገር ቤት አምጥቶ እንዲያስረዳቸው ይጠይቁ። ሰርተፍኬቱ ያን ያህል አይናገርም።

## ውድድሮች፣ እና ከ12ኛ በኋላ ያለው መንገድ

ውድድርን እንደ ራሱ አማራጭ አልቆጠርኩትም። ክበብ ለሌለው ትምህርት ቤት ውድድር የሁለት ሳምንት ግርግር ነው። ክበብ ላለው ግን ትልቅ ነዳጅ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የፈርስት ግሎባል የሮቦት ውድድር ከአንድ አገር የሚላከው አንድ ቡድን ብቻ ስለሆነ ለብዙዎች ቅርብ አይደለም። የሳይንስና ኢንጂነሪንግ ዐውደ ርዕዮች ግን ይበልጥ ቅርብ ናቸው።

12ኛን ላለፉት ጨዋታው ሌላ ነው። ኤቱኤስቪ የቀድሞው የጉግል ኢንጂነር ኤምሬ ቫሮል የጀመረው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ በመፍታት ዘዴ) አሠልጥኖ ለትልልቅ ኩባንያዎች ቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ መግቢያው ግን ከባድ ነው። ኤኤልኤክስ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የሚሠራና ከ18 ዓመት በላይ ላሉ የተዘጋጀ የቴክኖሎጂ ሥልጠና ነው። በቴክኖሎጂ ላይ ያተኮሩት የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። ለትምህርት ቤቱ የሚጠቅመው እነዚህ በሮች መኖራቸውን ለልጆቹ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ መንገር ነው።

## ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | አጋሩ ሲሄድ የሚቀረው | የሚደርሰው ተማሪ | ያለ ኢንተርኔት | ቋንቋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የዩኒቨርሲቲ ስቴም ማዕከል | መምህር አብሮ ከሠለጠነ ጥሩ፤ ካልሆነ ጥቂት | የተመረጡ ጥቂቶች | ይሠራል | አስተማሪው ስላለ ይረዳል | ትራንስፖርት |
| የኦንላይን ሥልጠና | የግለሰቡ እውቀትና ሰርተፍኬት | ራሱን መግፋት የሚችል | አይሠራም | እንግሊዝኛ | ኢንተርኔት |
| የራስ ክበብ | መምህሩና ታላላቆቹ ተማሪዎች | እንደ ክፍሉ ስፋት፣ ብዙ | ይሠራል | አማርኛም ይቻላል | ዝቅተኛ፤ የመምህር ትርፍ ሰዓት |
| የመሣሪያ ልገሳ | ዕቃው፤ መምህር ከሌለ ምንም | በወረቀት ብዙ፣ በተግባር እንደ አያያዙ | ይሠራል | እንደሚጫነው ሶፍትዌር | ጥገና፣ ቀረጥ፣ ዩፒኤስ |
| የግል ማሰልጠኛ | እንደ ውሉ | የሚከፍል | እንደ ድርጅቱ | እንደ አስተማሪው | ከፍተኛ |

## ማን የቱን ይምረጥ?

በወረዳ ከተማ ያለ፣ ኢንተርኔት የሌለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ከክበቡ ይጀምር። ስክራችና ቶኒ በፍላሽ፣ ኮሊብሪ በአንድ ደህና ኮምፒውተር። አምስት የሚሠሩ ማሽኖች ለመጀመሪያው ሴሚስተር ይበቃሉ። ልገሳ መጠየቅ ያለበት እነዚህ አምስቱ ቀኑን ሙሉ መሥራት ከጀመሩና ወረፋው ካስቸገረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የአጠቃቀም መዝገብ ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ለጋሹም ያምናችኋል።

ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት አንድንና ሦስትን ያጣምር። ማዕከሉ ሄደው የተማሩት ልጆች ተመልሰው ክበቡን ያስተምሩ። ከተመረጡት ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ ከመነሻው ተነጋገሩ፤ ትራንስፖርቱንም በቡድን አድርጉት።

ላቡ የተሟላ፣ ግን የተቆለፈ ትምህርት ቤት ምንም አጋር አያስፈልገውም። ዳይሬክተሩ፣ ንብረት ክፍሉና የአይሲቲ መምህሩ ቁጭ ብለው ስለ ሞዴል 19ኙ ይነጋገሩ። እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከምናስበው በላይ ብዙ ናቸው።

አቅም ያለው የግል ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ማሰልጠኛ ቀጥሮ፣ በሁለተኛው ዓመት በራሱ መምህራን ይተካ። ውሉ ላይ ይህ ዕቅድ ይጻፍ።

ብቻውን የሚማር የ11ኛ ክፍል ተማሪ መጀመሪያ ፓይተንን በቶኒ ወይም በስልኩ ይልመድ፤ ከዚያ የኦንላይን ሥልጠናው ይቀለዋል። ሁለት ጓደኛ ይፈልግ።

ገንዘብ ያሰባሰበ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ገንዘቡን ለሦስት ይክፈል፤ ለመምህራን የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ለጥገናና ለመለዋወጫ፣ በመጨረሻ ለመሣሪያ። ቅደም ተከተሉ ይከበር።

## ከመፈረማችሁ በፊት

የመግባቢያ ሰነዱ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። ስንት መምህር እንደሚሠለጥን፣ ላቡ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን፣ የተበላሸ ዕቃ በማን ወጪ እንደሚጠገን፣ ስንት ሴት ተማሪ እንደሚገባ፣ ትብብሩ ሲያበቃ ዕቃው የማን እንደሚሆን ይጻፍበት። «አቅም ይገነባል»፣ «ግንዛቤ ይፈጠራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ካያችሁ በቁጥር እንዲተካ ጠይቁ።

ጊዜውንም አስቡበት። ከዩኒቨርሲቲ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ለክረምቱ ሥልጠና ደብዳቤያችሁ ከግንቦት በፊት ይግባ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የመምህራኑ ሥልጠና ነሐሴ ላይ ካለቀ ክበቡ በጥቅምት መጀመር ይችላል፤ መስከረም በምዝገባና በክፍል ድልድል ያልፋልና አትጨነቁበት።